ከሳሎን በር መለስ የቆመ ሕግ

ተመራቂዎች፣ ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ደመወዝተኛ ትሆናላችሁ። ከተፍኪ እስከ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉት ከተሞቻችን ደግሞ ደመወዝተኛ ቤት ሲይዝ የቤት ሠራተኛ መፈለጉ አይቀርም፤ ደላላው የሚያመጣለትም ልጅ ልትሆን ትችላለች። የሕፃናትን ጉልበት ነገር ዛሬ ያነሣሁትም ለዚህ ነው።

የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም 138 ሚሊዮን ልጆች ለዕድሜያቸው በማይገባ ሥራ ላይ እንደነበሩ ገምተዋል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ወደ 16 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ቆጥሯል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በእርሻና በከብት ጥበቃ ላይ ነበሩ። እኛ ግን ጉዳዩ ሲነሣ ዐይናችን ወደ ሰበታ ፋብሪካዎች ይሄዳል። ሕጋችንም እንደዚያው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ 18 ያልሞላውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይፈቅድም። ደግ ሕግ ነው። የቤት ሠራተኛን ግን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶ አልፏል። ተቆጣጣሪ የፋብሪካ በር ሲያንኳኳ የሳሎን በር አያንኳኳም። በደላላ ወይም በዘመድ እጅ ከገጠር መጥታ፣ ከሁሉ ቀድማ የምትነሣና ከሁሉ ኋላ የምትተኛ ልጅ ሰዓቷን የሚቆጥርላት የለም።

«እኛስ ከብት ጠብቀን አላደግንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ጥጃ ማገድ ልጅን አይጎዳም፣ ስለ ሕፃናት ጉልበት የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ቀላል ሥራን አይከለክልም። ክርክሩ የልጅን ትምህርትና ጤና በሚበላው ሥራ ላይ ነው። ከዚህ የሚከብደው ሌላው መከራከሪያ ነው፦ «እኛ ቤት ባትገባ የት ትወድቅ ነበር? ትበላለች፣ ማታም ትማራለች።» ድህነቱ እውነት ነው፤ አንድ ቤት ብቻውን አይፈታውም። ግን ርኅራኄ ከሆነ ስለ ምን ቀኑን ሙሉ ታጥባለች? ልጅ የምትመረጠው በደመወዝ ስለማትከራከር ነው (ይህን ደላላውም አይደብቅም)። ያንኑ ሥራ ፈልጋ ያጣችው አዋቂ ሴት ምናልባት የሌላ ልጅ እናት ናት፤ እሷ ተገቢውን ብታገኝ ልጇን ለሰው ቤት አትሰጥም ነበር።

ስለዚህ መምህር የምትሆኑ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የጤፍ አጨዳ ሲደርስ ከክፍል የሚቀረውን ልጅ ወላጆቹ ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። ቀጣሪ የምትሆኑ፣ ደላላው ልጅ ይዞ ሲመጣ ዕድሜዋን ጠይቁ፤ 15 ካልሞላት መልሱለት፣ አዋቂ ቅጠሩ፣ የአዋቂ ደመወዝ ክፈሉ።