የሠራውና ያሠራው፦ የጥንታዊ ቅርጾችንና ሥዕሎችን ባለሙያዎች ስለ መለየት



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ «ማን ሠራው?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በቋንቋችን «የሠራው» እና «ያሠራው» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። በዚህች ፊደል የተሳሳተ አጥኚ የአንዱን ባለሙያ ስም ከታሪክ ሊፍቅ፣ ሌላውንም ባልደከመበት ሊያከብር ይችላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከሩቅ ልጀምር። ካሜኦ የሚባለው ቅርጽ የተለያየ ቀለም ያላቸው ንብርብሮች ካሉት ድንጋይ ወይም ከዛጎል ይሠራል። ቀራጩ የላይኛውን ንብርብር እየፈለፈለ ምስሉን ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል፤ የታችኛውም መደብ ይሆናል። በጥንታዊ የግሪክና የሮም የከበሩ ድንጋዮች ላይ የሚገኘው ስም ብዙ ጊዜ «የእገሌ» በሚል አኳኋን የተጻፈ ነው። የእገሌ ንብረት ነውን? ወይስ የእገሌ ሥራ? አጥኚዎች በልምድ እንደሚሉት፣ በትልቁና በግልጽ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ስም ሲሆን፣ በደቃቅ ፊደል ጥግ ይዞ የተቀመጠው የቀራጩ ነው። የአውግስጦስ ቄሳርን ማኅተም የቀረጸው ዲዮስኩሪዴስ ስሙ በጥንት ጸሐፍት ስለ ተነሣ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዋጋ ለማናር ሲባል ይኸው ስም በአዳዲስ ድንጋዮች ላይ ይቀረጽ ነበር። ስለዚህ ፊርማ ራሱ መመርመር ያለበት ማስረጃ እንጂ የምርመራው መደምደሚያ አይደለም።

የኢጣሊያዊው ቀራጭ የቤኔዴቶ ፒስትሩቺ ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ፒስትሩቺ በ1815 ለንደን ከደረሰ በኋላ፣ ሪቻርድ ፔይን ናይት የተባሉ ታዋቂ ሰብሳቢ የጥንት ሥራ ነው ብለው የገዙትን የፍሎራ ካሜኦ አየ። «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ምልክቴም አለበት» አለ። ሰብሳቢው ግን የሠሪውን ቃል ከማመን ይልቅ የራሳቸውን ዕውቀት አመኑ። ቅርጹ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም ላይ የሚታየውን ቅዱስ ጊዮርጊስም በ1817 የነደፈው ይኸው ፒስትሩቺ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የእኛ የእጅ ባለሙያዎች አብዛኞቹ ስማቸውን አልተዉልንም። በመስቀሎችና በሥዕሎች ላይ የምናገኘው በአመዛኙ የለጋሹን ስም ነው። ለዚህም የባለሙያው ትሕትና አንዱ ምክንያት ይመስለኛል፤ ጸሎት የሚደረግለት ወጪውን የቻለው ሰው መሆኑም ሌላው ነው። ያም ሆኖ የማይረሱ ስሞች አሉን። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኝ የእመቤታችን ሥዕል፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ፍሬ ጽዮን በተባለ ሰው መሣሉን ጽሑፉ ይመሰክራል። ማሪሊን ሄልድማን በ1994 ባሳተሙት ጥናት ከዚህ አንድ የታወቀ ሥራ ተነሥተው፣ የፊት አሣሣልን፣ የልብስ እጥፋትንና የጣት አቀማመጥን በማነጻጸር ሌሎች ሥዕሎችንም ለእርሱ ሰጥተዋል። ቬኒስያዊው ኒኮሎ ብራንካሌዎንም በአገራችን ለአሠርት ዓመታት ሲኖር በስሙ የፈረመባቸውን ሥራዎች ትቷል፤ በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ስለ እርሱ ጽፏል።

አሁን የራሴን ስሕተት ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ የአያቱን ንብረት ይዞልኝ መጣ፤ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ውጭው በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ፣ ውስጡ የተሣለ፣ በአንገት የሚንጠለጠል ትንሽ የእንጨት ሥዕል ነበር። ጠርዙ ላይ ካለው የደበዘዘ ጽሑፍ «ዘሠዐለ» የሚል አነበብኩ፤ ስምም ይከተለዋል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። «ያልታወቀ ሠዓሊ አገኘን» ብዬ በክፍል ውስጥ ተናገርኩ፤ ለቤተሰቡም በፊርማዬ የተረጋገጠ ደብዳቤ ጻፍኩ።

ከወራት በኋላ ያነሣሁትን ፎቶግራፍ አጉልቼ ስመለከት፣ ብርሃኑ ከጎን በወደቀበት ምስል ላይ «ዘ»ን ተከትላ የተፋቀች «አ» ታየችኝ። ቃሉ «ዘአሥዐለ» ነበር። ስሙ የሣለው ሳይሆን ያሣለው ሰው ስም ነው። ስሕተቴን ለማረም ወደ ተማሪዬ ስደውል ግን ሥዕሉ ቤት ውስጥ አልነበረም። ደብዳቤዬን ያየ አንድ ገዢ ጥሩ ዋጋ ሰጥቶ ወስዶታል። አያቱ ሸጠው አዝነው ነበር። የት እንደ ደረሰ እስከ ዛሬ አላወቅንም። የእኔ «ምሁራዊ ግኝት» ለሥዕሉ ከቤት መውጫ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ አራት ነገር እላለሁ። በመጀመሪያ ጽሑፉን ከመተርጎማችሁ በፊት እንዳለ ገልብጡ፤ የተፋቀውንም ቦታ ባዶ አድርጋችሁ አሳዩ፤ ክፍተቱን በምኞት አትሙሉት። ሁለተኛ፣ ሠሪው ልብ ሳይለው የሚደጋግመውን ፈልጉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጆቫኒ ሞሬሊ ሠዓሊዎችን በጆሮና በጥፍር አሣሣል ይለይ ነበር፤ በመስቀልም ላይ የመሮው አገባብና የጠርዙ አጨራረስ እንዲሁ ይናገራሉ። ሦስተኛ፣ የቁሱን ዕድሜ ከሥራው ዕድሜ ለዩ። ማርያ ቴሬዛ ብር ላይ ያለው 1780 የሚል ዓመት ሳይለወጥ ሳንቲሙ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ተመትቷል፤ አንጥረኞቻችንም እያቀለጡ ጌጥና መስቀል ሠርተውበታል። አራተኛ፣ «የእገሌ ሥራ»፣ «ከእገሌ ጋር የሠሩ ሰዎች ሥራ» እና «የእገሌን ስልት የተከተለ» የሚሉት ሦስት የተለያዩ ፍርዶች ናቸውና አታደባልቋቸው።

በመጨረሻም ለእናንተ ለነዋሪዎቹ። ከመካኒሳም ሆነ ከጎፋ ቅርስ ይዛችሁ ወደ እኛ ስትመጡ፣ ስለ ዋጋው ከመጠየቃችሁ በፊት ከማን እንደ ወረሳችሁት፣ በየትኛው ደብር አጠገብ እንደ ኖረ አስመዝግቡ። ሠሪውን ለመለየት ከሁሉ የሚበልጠው መነሻ ብዙ ጊዜ የአያት ቃል ነው፤ ያ ቃል ደግሞ ዕቃው ከቤት በወጣ ዕለት ከእርሱ ይለያል። እኛ መምህራንም ደብዳቤ ከመፈረማችን በፊት ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚገባ እናስብ። ያ የተፋቀ ሠዓሊ ስሙን አልነገረንም፤ ቢያንስ የሌላ ሰው ስም አንለጥፍበት።