ምድርን ከነሰዎቿ ማጥናት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የጂዎግራፊ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን እያንዳንዱ ክበብ ከሚማረው ትምህርት አንድ ፍሬ ነገር መርጦ ለጉባኤው እንዲያቀርብ በታዘዘው መሠረት፥ እኛም የጂዎግራፊ ክበብ አባሎች ጥቂት ቃል ለመናገር በፊታችሁ ቆመናል። የምንናገረው ስለ ሩቅ አገር አይደለም፤ በየቀኑ ስለምንረግጠው ምድር ነው። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጂዎግራፊ ሲባል ለብዙ ሰው የሚመስለው የወንዞችን ርዝመት፥ የተራሮችን ከፍታና የዋና ከተሞችን ስም በቃል መያዝ ነው። ይህ ግን ፊደል መቁጠር እንጂ ንባብ አይደለም። ፊደል የቆጠረ ልጅ ወደ ንባብ ካልተሻገረ ትርፉ ምንድን ነው? የጂዎግራፊ ንባብ የሚጀመረው «ይህ ነገር እዚህ ቦታ ላይ ለምን እንደዚህ ሆነ?» ብሎ ከመጠየቅ ነው።

መምህሮቻችን ትምህርቱን በሁለት ከፍለው ያስተምሩናል። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጂዎግራፊ ነው፤ ይኸውም ስለ አፈር፥ ስለ ውኃ፥ ስለ አየር ጠባይና ስለ ዕፀዋት ይመረምራል። ሁለተኛው የሰው ጂዎግራፊ ነው፤ ይኸውም ስለ ሕዝብ አሰፋፈር፥ ስለ እርሻ፥ ስለ ንግድና ስለ ከተሞች ይመረምራል። ክፍፍሉ ለማስተማር ይመቻል፤ ምድሪቱ ግን አልተከፋፈለችም። ጎርፍ አፈር ሲያጥብ የሚያጥበው የአንድን ገበሬ ማሳ ነው፤ ገበሬውም ድንጋይ ሲደረድር የሚያቆመው ያንኑ ጎርፍ ነው። ስለዚህ ምድርን ያለ ሰው፥ ሰውንም ያለ ምድር የሚያጠና ሰው ግማሹን ብቻ ያያል። ይህን በምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው አንድ አባባል አለ፤ «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር፤ አሁን የቀረው ጥቂት ነው» ይባላል። አባባሉ በመጻሕፍት ተጽፏል፥ በስብሰባ ተነግሯል፥ በፈተናም ተጠይቋል። ነገር ግን 40 በመቶ የሚለውን ቁጥር ማን ለካው? በምን መሣሪያስ ተለካ? ጄምስ ማካን የተባሉ የታሪክ ምሁር በ1997 ባሳተሙት ጥናት ይህን ጥያቄ አንሥተው ነገሩን እስከ ሥሩ ቢመረምሩት፥ ቁጥሩ አንዱ ከሌላው እየተቀባበለ የደጋገመው እንጂ ተለክቶ የተገኘ አለመሆኑን አስረዱ። ይህ ማለት ግን ደን አልጠፋም ማለት አይደለም። በደቡብ ምዕራብ አገራችን ባለፉት አሥርተ ዓመታት ብዙ ደን ተመንጥሯል። ትምህርቱ ግን ያልተለካን ነገር እንደ ተለካ አድርጎ መናገር ዕውቀት አለመሆኑ ነው።

ታዲያ የጥንቱን ምድር ዛሬ እንዴት ልንለካው እንችላለን? ያለፈውን ዘመን ሄዶ የሚያይ ዓይን የለም። ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ያየ መሣሪያ ይገኛል። በ1868፥ ማለት በእኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም.፥ በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በሰንዓፌ፥ በአዲግራትና በእንጣሎ አልፎ ወደ መቅደላ ሲጓዝ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረውት ነበሩ። የእነርሱ ዓላማ ጦርነቱን መመዝገብ ነበር፤ ስለ አፈርና ስለ ዛፍ አላሰቡም። ነገር ግን ከድንኳኑና ከወታደሩ ኋላ ያለው ኮረብታም በሥዕሉ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ከ130 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በቤልጅግ አገር የጌንት ዩኒቨርሲቲ የጂዎግራፊ ሊቅ የሆኑት ፕሮፌሰር ያን ኒሰንና የሥራ ጓደኞቻቸው እነዚያን ፎቶግራፎች ይዘው ወደ ቦታዎቹ ሄዱ። እያንዳንዱ ሥዕል የተነሣበትን ሥፍራ ፈልገው ከዚያው ላይ እንደገና አነሡት።

ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሲሠራ ግን አድካሚ ነው። አሮጌውን ሥዕል በእጅ ይዞ፥ በቅርብ ያለው ቋጥኝ ከሩቁ ተራራ ጫፍ ጋር በሥዕሉ ላይ እንደሚገናኝ ሁሉ በዓይንም እስኪገናኝ ድረስ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መራመድ ያስፈልጋል። ዛፍ ይቆረጣል፥ ቤት ይፈርሳል፤ የተራራ ጫፍ ግን ምስክርነቱን አይለውጥም። ወቅቱም መመሳሰል አለበት። የእንግሊዝ ጦር የተጓዘው በበጋ ነው፤ በበጋ የተነሣ ኮረብታ በነሐሴ ከተነሣው ጋር ቢነጻጸር የሚታየው ልምላሜ የክረምቱ እንጂ የዘመኑ አይደለም።

ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን ታየ? ብዙዎች የጠበቁት፥ ጥንት ደን የነበረው ዛሬ ተራቁቶ እንዲገኝ ነው። በ2009 የታተመው ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ። በ1868 ብዙዎቹ ኮረብታዎች አስቀድመው የተራቆቱ ነበሩ፤ በአዲሶቹ ሥዕሎች ላይ ግን ዛፉና ቁጥቋጦው በዝቶ፥ አፈርና ውኃ የሚጠብቅ ሥራም ተስፋፍቶ ታየ። ይህም የሆነው የአገሪቱ ሕዝብ በብዙ እጥፍ ከበዛ በኋላ ነው፤ በ2007 በተደረገው ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 74 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ነበር። እንግዲህ «ሰው ሲበዛ ምድር የግድ ይራቆታል» የሚለው ፍርድ በእነዚህ ቦታዎች ላይ አልጸናም።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱን ዝናቡ ብቻውን አይሰጠንም፤ ወደ ሰው ሥራ መመልከት ያስፈልጋል። በትግራይ ደጋዎች ገበሬዎች በማሳቸውና በየተዳፋቱ የድንጋይ እርከን ሠሩ፤ የተራቆቱ ኮረብታዎችንም ከልቅ ግጦሽ ከለሉ። ኮረብታ ሲከለል አስቀድሞ ሣሩ፥ ቀጥሎ ቁጥቋጦው፥ ከዚያም ዛፉ ይመለሳል። በ2005 በታተመ ጥናት እንደ ተለካው የድንጋይ እርከን በእርሻ ማሳ ላይ በየዓመቱ የሚታጠበውን አፈር በአማካይ በ68 በመቶ ይቀንሳል። ይህን ቁጥር ከፊተኛው ጋር አስተያዩት፤ 40 በመቶ የተባለው ሲወራ የኖረ ነው፥ 68 በመቶ የተባለው ግን በየማሳው ተለክቶ የተገኘ ነው።

ነገር ግን ተመራማሪ አፈርን ብቻ ለክቶ ቢመለስ ሥራው ጎደሎ ይሆናል። ገበሬዎች ስለ እርከኑ ሲጠየቁ ጥቅሙን መስክረው ሲያበቁ «በድንጋዩ መካከል አይጥ ይራባል፥ እህላችንንም ይበላል» አሉ። ይህን እንደ ተራ ሮሮ ቆጥሮ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ሆኖም ተመራማሪዎች ቀርበው ቢያጠኑት እርከን በበዛበት ማሳ አይጥም የበዛ ሆኖ ተገኘ። እንደዚሁም በ1990ዎቹ በመቀሌና በአድዋ መካከል አዲስ መንገድ ሲሠራ ለሕዝቡ ትልቅ ጥቅም መስጠቱ የታመነ ነው፤ ግን በሰፊው ተበትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ ከመንገዱ ሥር ባሉት ቱቦዎች በኩል ተሰብስቦ ስለ ወረደ ከታች ባሉት ማሳዎች ላይ አዳዲስ ቦረቦሮች ተቆፈሩ። የመንገዱ ጥቅም ለብዙው መንገደኛ ሲሆን ጉዳቱ የደረሰው ከቱቦው በታች ላለው ገበሬ ነው። መሐንዲስ መንገዱን ያያል፤ የጂዎግራፊ ተማሪ ግን መንገዱንም፥ ውኃውንም፥ ከታች ያለውንም ጎጆ አንድ ላይ ማየት አለበት።

አሁን ደግሞ ዓይናችንን ከትግራይ ወደ ደቡብ ጎንደር እናዙር። በዚያ የሚጓዝ ሰው በእርሻ መካከል እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ያለ ደን ያያል፤ ወደ ውስጥ ቢገባ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። እነዚህ ደኖች እያነሱ ሄደዋልን? ተመራማሪዎች በ1938 ከአውሮፕላን የተነሡትን ፎቶግራፎች በ2015 ከታየው ጋር ሲያመሳክሩ፥ የደኖቹ ስፋት በጠቅላላው ብዙ አለመቀነሱን፥ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦና ዛፍ ግን እየተመነጠረ መጥፋቱን፥ በአንዳንድ ቦታም ባሕር ዛፍ መተከሉን አገኙ። ደኑን በተፈጥሮ ሕግ ብቻ ልንተረጉመው አንችልም፤ ያቆየው የሕዝቡ እምነትና ሥርዓት ነው። ዙሪያው ሲገለጥ ግን ፀሐይና ነፋስ እስከ ዳሩ ስለሚደርሱ፥ የቆመውም ደን እንደ ድሮው ተጠብቋል ብለን ልንዘናጋ አይገባንም።

ከአውሮፕላን ስለ ተነሡት ፎቶግራፎች አንድ ነገር እንጨምር። የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረበት ዘመን ከአየር ላይ ያነሣቸው ሥዕሎች በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ ድርጅት ምድር ቤት ውስጥ ከ8000 በሚበልጡ ገበታዎች ላይ ተለጥፈው ተቀምጠው ተገኙ። ለወረራ የተሠራ ነገር ለዕውቀት ዋለ። ማንም አይፈልገውም ተብሎ በየሣጥኑ የተቀመጠ ወረቀት አንድ ቀን የምድራችን ምስክር ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ሰውና ምድር ተለያይተው እንደማይጠኑ ካስተማሩን የአገራችን ሊቃውንት አንዱ በ2020 ያረፉት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። እርሳቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጂዎግራፊ ያስተማሩ፥ የኢትዮጵያንም አትላስ ያዘጋጁ ሰው ናቸው። በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1958 እስከ 1977 ድረስ በገጠር የደረሰውን ረኃብ መርምረው፥ ድርቅና ረኃብ አንድ አለመሆናቸውን ገለጹ። ዝናብ ሲቀር ድርቅ ይሆናል፤ ድርቁ ረኃብ የሚሆነው ግን ገበሬው ካመረተው ላይ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ሳይተርፈው ሲቀር ነው። ያንን ትርፍ ማን ወሰደው? ለምንስ አልተረፈውም? ይህን ዝናብ መለኪያ አይነግረንም፤ የሚነግረን የሰው ጂዎግራፊ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ ለእኛ ያለው ትልቅ ነገር ምንድን ነው? የተራቆተ ምድር ሊመለስ መቻሉ ነው። «ምድራችን ጠፍታለች፥ ከእንግዲህ አትድንም» የሚል ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። «ምንም አልጎደለም» የሚልም እንዲሁ ይቀመጣል። ልኩን ያወቀ ግን ይነሣል። ነገር ግን የተመለሰው ሁሉ ተመልሶ ሊጠፋም ይችላል። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ በተደረገው ጦርነት መብራትና ነዳጅ በመቋረጡ ሕዝቡ ለማገዶና ለከሰል ወደ ዛፉ ለመሄድ ተገድዷል። የሰው ሰላም ሲናጋ ኮረብታውም ሰላም አያገኝም። ይህን ስንናገር በማገዶው የተቸገረችውን እናት ለመውቀስ አይደለም፤ የምድርና የሰው ዕድል በአንድ ገመድ የታሰረ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤ ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት ሦስት ነገሮችን ለመለመን እንወዳለን።

አንደኛ፥ በየቤታችሁ ያረጁ ፎቶግራፎች ይኖራሉ። የሠርግ፥ የበዓል ወይም የልጅነት ሥዕል ሊሆን ይችላል። እኛ የምንፈልገው ከሰዎቹ ኋላ ያለውን ኮረብታ፥ ወንዝ ወይም ሜዳ ነው። ዘመኑንና ቦታውን ነግራችሁን ብታውሱን ቅጂውን አስቀርተን በክብር እንመልሳለን።

ሁለተኛ፥ አባቶችና እናቶች የሚያስታውሱትን እንዲነግሩን እንለምናለን። ምንጩ እስከ ስንት ወር ይፈስ ነበር? የጋራው ግጦሽ እስከ የት ይደርስ ነበር? ሥዕል ኮረብታውን ያሳያል፤ ኮረብታው የማን እንደ ነበረና ለምን እንደ ተመነጠረ ግን አይናገርም። ያንን የሚናገር ሰው ነው።

ሦስተኛ፥ ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ በዚህ የምሥረታ በዓል ሰሞን ከአንድ በተወሰነ ድንጋይ ላይ ቆሞ በፊት ለፊታችን ያለውን ኮረብታ በፎቶግራፍ እንዲያስነሣ፥ ሥዕሉንም ከዝናቡ ልክ ጋር በመዝገብ እንዲያኖር እናሳስባለን። ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚጠይቀው ሳያቋርጡ መቀጠልን ነው። አንድ ዓመት ብቻ የተነሣ ሥዕል ጌጥ ነው፤ ሃምሳ ዓመት የተነሣ ግን ዕውቀት ይሆናል። እኛ ትምህርታችንን ጨርሰን ስንሄድ ታናናሾቻችን ይቀጥሉታል። በ1868 ሥዕሉን ያነሡት ሰዎች ለእኛ ብለው አላነሡትም፤ እኛ ግን ከኋላችን ለሚመጡት አስበን ልናነሣው እንችላለን።

 እግዚአብሔር አገራችንንና ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።