ወንበሩ በመቀመጫ ወይስ በድምፅ?

አቅራቢ 1፦ እህቴ፣ አብዛኛው ሕዝብ ያልመረጠው መሪ ሥልጣን መቀበል አለበት?

አቅራቢ 2፦ ሕጉ ከፈቀደለት ማን ይከለክለዋል? በአሜሪካ፣ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ሂላሪ ክሊንተን በ2.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በልጠው፣ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዶናልድ ትራምፕ ናቸው።

አቅራቢ 1፦ እኛስ ጋ፣ በኢትዮጵያ?

አቅራቢ 2፦ ሊሆን ይችላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 በምርጫ ክልሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ በአንቀጽ 56 ብዙ መቀመጫ ያለው ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል። ሦስት ዕጩዎች 40፣ 35 እና 25 በመቶ ቢያገኙ ባለ 40 በመቶው ፓርላማ ይገባል።

አቅራቢ 1፦ የ60 በመቶውን ድምፅ ውኃ በላው በይኛ! በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ሲወስዱ፣ ተቃዋሚ የመረጠ ሰው አንድም ወኪል አላገኘም።

አቅራቢ 2፦ ታዲያ አሸናፊው ወንበሩን ይተው?

አቅራቢ 1፦ አይተው፤ ሕጉን አክብሮ ይቀበል። ግን በከሚሴና በዙሪያዋ፣ ኦሮሞና አማራ ተጎራብተው በሚኖሩበት እንደኛ ባለ ዞን፣ የተሸናፊው ድምፅ የጎረቤት ድምፅ ነው።

አቅራቢ 2፦ እዚህ ላይ ተስማማን፤ መሪውን ከመውቀስ ሕጉን ማሻሻል ይቅደም። መቀመጫ በድምፅ ድርሻ ይከፋፈል፤ አድማጮቻችን፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?