ሞቷል የተባለው ካርድ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በኮምፒዩተር ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር



የምንናገረው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ይኸውም የኔትዎርክ ካርድ ነው። ኮምፒዩተር ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት አፉም ጆሮውም ይህ ካርድ ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ፥ አዲሱን ሲስተም መሸከም ያልቻሉ 9 ኮምፒዩተሮች ከአንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን አቧራ እንደ ለበሱ ተሰጡን። እኛም ሊኑክስን መረጥን። የሊኑክስን እምብርት፥ ማለት ከርነሉን፥ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቀው የ21 ዓመቱ የፊንላንድ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው፤ ኮዱ ክፍት ስለ ሆነ ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው ይችላል።

ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ደቢያንን በ9ኙም ላይ ጫንን። አምስቱ ዴስክቶፖች ኬብል እንደ ተሰካላቸው ወዲያው ኔትዎርክ አገኙ። አንድ ዴስክቶፕና ሦስት ላፕቶፖች ግን ዝም አሉ። እኛም ቸኩለን «ካርዱ ሞቷል» የሚል ወረቀት ለጠፍንባቸው፤ ለመለዋወጫ እንዲፈቱም ወደ ጥግ አኖርናቸው።

ይህ ፍርድ ስሕተት ነበር። ያረመችን አንዲት የ10ኛ ክፍል ጓደኛችን ናት፤ «ሳንጠይቃቸው ፈረድንባቸው» አለችን።

ካርድ የሚጠየቀው በቁጥሩ ነው። ኤልኤስፒሲአይ የተባለውን ትእዛዝ ስንሰጥ ኮምፒዩተሩ የሚያውቃቸውን ዕቃዎች ከሠሪያቸውና ከሞዴላቸው ቁጥር ጋር ይዘረዝራል። በሦስቱ ላፕቶፖች ላይ የዋይፋይ ካርዱ 8086 በሚል የሠሪ ቁጥር ተገኘ፤ ይህም የኢንቴል ነው። እንግዲህ ካርዱ ይታያል፤ የሚታይ ካርድም ወዲያው ሞተ አይባልም። የከርነሉን መዝገብ ስናነብ ምክንያቱ ታወቀ፤ ፈርምዌሩ አልተገኘም።

ፈርምዌር ካርዱ ሥራ ሲጀምር ወደ ውስጡ የሚገባ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ ክፍት ሆኖ ሳለ የዚህን ፈርምዌር ኮድ ሠሪው አይገልጠውም። ስለዚህ የደቢያን ሰዎች ይህን የመሰለውን ለብዙ ዘመን ከዋናው መጫኛ ለይተው ያስቀምጡት ነበር። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥተው፥ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ከወጣው ደቢያን 12 ጀምሮ አብሮ እንዲገባ አደረጉ። በእኛ ፍላሽ ላይ የነበረው ግን የቀድሞው ደቢያን 11 ነበር።

ነገር ግን ፈርምዌሩን ለማውረድ ኔትዎርክ ያስፈልጋል፤ ኔትዎርክ ለማግኘት ደግሞ ፈርምዌሩ ያስፈልጋል። ቁልፉ በተቆለፈው ቤት ውስጥ ቀረ ማለት ነው። በሩን የከፈተልን የእጅ ስልክ ነው። ስልኩን በዩኤስቢ ኬብል አያይዘን ኢንተርኔቱን እንዲያካፍል ስናደርገው፥ ላፕቶፑ ስልኩን እንደ ኬብል ኔትዎርክ ተቀበለው። ስልክ ባይኖር በሌላ ኮምፒዩተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ሦስቱም ላፕቶፖች በአንድ ከሰዓት በኋላ ተነሡ።

የዴስክቶፑ ካርድ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ አልነበረም። እንዲህ ሲሆን ሶፍትዌር መፈለግ ድካም ብቻ ነው፤ መታየት ያለበት ዕቃው ራሱ ነው። ኮምፒዩተሩን አጥፍተን፥ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቅለን፥ ካርዱን አወጣነው። የመገናኛ ጥርሶቹን በለስላሳ ላጲስ በቀስታ ጠርገን መለስነው። ኬብሉ ሲሰካ ትንሿ መብራት ቦግ አለች።

ይህን ሁሉ ያደረግነው በእኛ ብልኀት ብቻ አይደለም። ለሊኑክስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተጻፉት የኔትዎርክ ካርድ ድራይቨሮች ብዙዎቹን የጻፈው ዶናልድ ቤከር ነው፤ ኮዱንም ለሁሉ ሰጠ። እርሱና ቶማስ ስተርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1994 በናሳ የጎዳርድ ማዕከል 16 ተራ ኮምፒዩተሮችን በኔትዎርክ አያይዘው እንደ አንድ ታላቅ ኮምፒዩተር አሠሯቸው። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት በዚህም ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ።

ከእንግዲህ በክበባችን «ሞቷል» የሚል ወረቀት አይለጠፍም። በምትኩ የእያንዳንዱ ካርድ ቁጥር፥ የታየበት ችግርና የተገኘለት መፍትሔ የሚጻፍበት ደብተር አለን። እኛ ጨርሰን ስንሄድ ታናናሾቻችን ከእኛ ስሕተት ሳይሆን ከእኛ እርማት ይጀምራሉ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ በቤታችሁ የተጣለ ኮምፒዩተር ቢኖር ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አሳዩን። ጓደኞቻችን ሆይ፤ ሊፈቱ የነበሩት አራቱ ኮምፒዩተሮች ዛሬ ከአምስቱ ጋር በክበባችን ክፍል እየሠሩ ናቸውና መጥታችሁ ተማሩባቸው።