የባሕር ብክለት ተመራማሪ ኃላፊነት



የባሕርን ብክለት የሚያጠና ባለሙያ የውሃውን ጥራት በዓይን አይቶ አይፈርድም። የጃፓኑ የሚናማታ ወሽመጥ ለዚህ ምስክር ነው። ከቺሶ ፋብሪካ የወጣው ሜቲል ሜርኩሪ በዓሣ ሥጋ ውስጥ እየተከማቸ ከአጥማጆቹ ማዕድ ደረሰ። በ1956 እ.ኤ.አ. በሽታውን ለጤና ጽሕፈት ቤት ያስታወቁት የፋብሪካው ሐኪም ሐጂሜ ሆሶካዋ፣ በ1959 ፍሳሹን ከምግብ ጋር ለድመት ሰጥተው ያንኑ ሕመም አዩ፤ ኩባንያው ግን ውጤቱ እንዳይገለጥ አደረገ። መርዙን የሚያመነጨው ሥራ የቆመው በ1968 ነው። ሆሶካዋም በ1970 ከሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው እውነቱን መሰከሩ።

እንግዲህ ናሙና መቅዳትና መለካት የሥራችን እኩሌታ ነው፤ የተገኘውን ውጤት ጉዳቱ ለሚደርስበት ሕዝብ በጊዜው ማሰማት ቀሪው እኩሌታ ነው። በመሳቢያ የተቆለፈ ጥናት ማንንም አያድንም።