ዮሐንስ፦ የአንድ ስም ጉዞና የአንዲት ፊደል ዋጋ



የዛሬው ንግግር ርእስ «ዮሐንስ» የሚለው ስም ነው። ጉዳዩ የቋንቋ ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ስም የሚሰፍርበትን መዝገብ በኮምፒዩተር የሚያደራጀውን መሐንዲስም በቀጥታ ይነካዋል።

የስሙ ምንጭ ዕብራይስጥ ሲሆን የመጀመሪያ መልኩ «ዮሐናን» ነው። «ዮ» የእግዚአብሔር ስም በአጭሩ ነው፤ «ሐናን» ደግሞ ራራ፣ ጸጋ ሰጠ ማለት ነው። በአንድነት ሲነበብ «እግዚአብሔር ጸጋ ሰጠ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ሐና የሚለው የሴት ስም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ሁለቱ ክፍሎች ቦታ ሲለዋወጡ «ሐናንያ» የሚለው ስም ይገኛል፤ ትርጉሙ ግን አይለወጥም።

ስሙ ወደ ግሪክ ሲሻገር ሁለት ለውጥ ደረሰበት። ግሪኮች ለ«ሐ» ድምፅ ፊደል ስላልነበራቸው ጣሉት፤ በመጨረሻው ላይም እንደ ወንድ ስሞቻቸው ደንብ «ስ» ጨመሩበት። አውሮፓ የተቀበለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ሩሲያዊው ኢቫን፣ ጣሊያናዊው ጆቫኒ፣ እስፓኛዊው ሁዋን፣ ፈረንሳዊው ዣን፣ እንግሊዛዊው ጆን አለው። ጀርመኖች የስሙን ፊተኛ ክፍል ቆርጠው ሃንስ የሚል ቁልምጫ አወጡ። ዐረብ ክርስቲያኖች ዩሐና ይሉታል፤ በቁርኣን ደግሞ ያሕያ ተብሏል።

የግዕዙ አጻጻፍ ልዩ ትኩረት ይሻል። «ስ» የግሪክ ምልክት ናት፤ «ሐ» ግን ግሪኩ የጣላት ስለሆነች ከዚያ ልትመጣ አትችልም። ይህም ስሙን ወደ ግዕዝ ያስገቡት ሰዎች ከግሪኩ ጋር የሴማውያኑንም አጠራር ያውቁ እንደነበር ያመለክታል። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልሆነም፤ «ሐናንያ» በግሪኩ መንገድ መጥቶ «አናንያ» ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ በዮሐንስ ውስጥ ያለችው «ሐ» ጌጥ አይደለችም፤ ጸጋ ሰጠ የሚለው ግሥ የሚጀምርባት ፊደል ናት።

በአማርኛ ንባብ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ሆነዋል። ከዚህ የተነሣ አንድ ሰው በትምህርት ማስረጃው «ዮሐንስ»፣ በቤት ካርታው «ዮሀንስ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለሦስቱ ፊደላት ሦስት የተለያዩ መለያ ቁጥሮች ስለሰጠ፣ ኮምፒዩተር ካልታዘዘ በቀር አንድነታቸውን አያውቅም። ጡረታ ወይም ውርስ የሚጠይቅ ሰውም ከራሱ ስም ጋር ሲከራከር ይውላል።

አንዳንዶች መፍትሔው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት መቀነስ ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ መጻፍና መፈለግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መዝገቡ ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ይጠብቅ፤ የፍለጋው ሥርዓት ግን ሦስቱን ፊደላት እንደ አንድ ይቍጠር። ይህ ከተደረገ ታሪኩም አይጠፋም፤ ባለጉዳዩም አይጉላላም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 እንደተተረከው፣ ዘመዶች ሕፃኑ በአባቱ ስም ይጠራ ሲሉ ክርክሩን የፈታው አንደበቱ የተያዘው ዘካርያስ በሰሌዳ ላይ የጻፈው ስም ነበር። የዛሬው መዝገብም ሰሌዳ ነው፤ የተጻፈበት ስም ባለቤቱን እንዲያስገኝ ማድረግ የዚህ ሙያ ድርሻ ነው።