የካርቦን መሪ፦ ዋጋውና ጥንካሬው

አቅራቢ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በባምቢስ በኩል ወደ ካዛንቺስ የምታልፉ፣ በኮሪደር ልማቱ የተሠራውን የብስክሌት መስመር ታውቁታላችሁ። ከአስፋልት ወጥቶ ኮረኮንች የሚወርድ ሰው ግን ለጠጠር መንገድ የተሠራውን ግራቭል ብስክሌት ይመርጣል። ሲገዛም አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ መሪው የካርቦን ይሁን ወይስ የአሉሚኒየም?

የካርቦን መሪ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች በሙጫ ተደራርበው የሚሠራ ነው። ከአሉሚኒየሙ ብዙ ጊዜ ይቀላል፤ ወደ እጅ የሚመጣውን ንዝረትም ይቀንሳል። በውጭ ገበያ ግን ብዙ ጊዜ 200 ዶላርና ከዚያ በላይ ያወጣል፤ ጥሩ የአሉሚኒየም መሪ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። ቀረጥና ማጓጓዣ ሲታከልበት ልዩነቱ ይሰፋል።

ይበረክታል ወይ? በአግባቡ ከተያዘ ለዓመታት ያገለግላል። ጠላቶቹ ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎንና ከባድ ምት ናቸው። አሉሚኒየም ሲመታ አብዛኛውን ጊዜ ይጎብጣል፤ ጉዳቱ በዓይን ይታያል። ካርቦን ግን ውስጡ ተሰንጥቆ ላዩ ደህና ሊመስል፣ ኋላም በድንገት ሊሰበር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ቤልጂየም ውስጥ በተካሄደው የለ ሳሚን ውድድር፣ የታዋቂው ብስክሌተኛ የማቲው ቫን ደር ፑል መሪ በውድድሩ መሐል ተሰብሯል።

ስለዚህ ብሎኑን በግምት አታጥብቁ። በመሪው ላይ የተጻፈውን ልክ ተከተሉ፤ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ መለኪያ ባለው ቁልፍ አጥብቁ። ከወደቃችሁ የመያዣውን ጥቅል ፈትታችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፤ ከተጠራጠራችሁ ቀይሩት። በጀታችሁ ጠበብ ካለ አሉሚኒየሙን ግዙ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ ጎማና ለሄልሜት አውሉት።